የሠርግ ካሴቱ ዲስክ ላይ ሲወጣ

እሷ፦ በየቤቱ የተቆለለውን የሠርግ ቪዲዮ ካሴት ወደ ዲቪዲ እንገልብጥ ቢባል፣ ካሴቱን የሚያጫውተው ዴክ ከየት ይመጣል? የመጨረሻው አምራች የሚባለው የጃፓኑ ፉናይ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረቱን አቁሟል።

እሱ፦ ለዚህ ነው አትዘግዩ የምለው። ካሴቱም በሙቀትና በእርጥበት ይጎዳል።

እሷ፦ ሲገለበጥ ጥራቱ ይቀንሳል ይላሉ።

እሱ፦ የሚቀንሰው ስንስገበገብ ነው። ተራ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት ነው፤ ሁለት ሰዓት ያህል ቢቀዳበት ደህና ነው። ሠርጉን ከነመልሱ ስድስት ሰዓት ካጨቁበት ግን እስክስታው ሁሉ ይሸራረፋል።

እሷ፦ «ከካሴቱ የበለጠ አጠራዋለሁ» የሚለው ባለሱቅስ?

እሱ፦ ካሴቱ ላይ የሌለውን ከየት ያመጣል! ይልቅ የዴኩን ሄድ አጽድቶ፣ ከቅጂ ሳይሆን ከዋናው ካሴት ይቅዳልሽ። ዴኩ ኤስ-ቪዲዮ መሰኪያ ካለው፣ ከቢጫው ገመድ እሱ ይሻላል።

እሷ፦ ከአሜሪካ የተላከልንስ?

እሱ፦ የእነሱ የቪዲዮ ሥርዓት ኤንቲኤስሲ፣ የእኛ ፓል ነው። ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ይፈለግ።

እሷ፦ ዲቪዲም ይጫራል፤ ስለዚህ ፋይሉን ሃርድ ዲስክ ላይም ያስቀምጡ። ካሴቱንም አይጣሉ፤ ዋናው እሱ ነው።