ስለ አስታዋ ቅርንጫፍ



የሰው ሥራ በተፈጥሮ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በዐይናችን ለማየት ከአዲ አርቃይ ተነሥተን፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ወጥተን፣ በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሄደን ነበር።

ፓርኩ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ነገር ግን እርሻና ግጦሽ ስለ ገፉት፣ ዋልያውም ስለ ተመናመነ፣ በ1996 አደጋ ላይ ከወደቁት ቅርሶች ጋር ተቈጠረ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ሲሆን፣ ይኸውም የግጭ መንደር ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ከሠፈሩ በኋላ ነው።

በሳንቃበር ስናድር ብርዱ ስለ ጸናብን እሳት ለማንደድ የአስታ ቅርንጫፍ መስበር ጀመርን። በዚህ ጊዜ አንዱ ጓደኛችን፣ «ገበሬው ስለዚህ ተራራ አገሩን ለቀቀ፤ እኛ አንድ ሌሊት ብርድ መታገሥ ያቅተናልን?» ብሎ ጠየቀን። ዐፍረን ተውነው፤ ተጠጋግተንም አደርን።

ከዚያ ደጋ የሚወርዱት ወንዞች ቆላችንን አቋርጠው ተከዜ ይገባሉ። ደጋው ሲራቈት ዐፈሩ በጎርፍ ይታጠባል፤ ምንጩም ይደርቃል። ስለዚህ ተራራውን የመጠበቅ ዕዳ ቤቱን ለለቀቀው ገበሬ ብቻ የሚተው አይደለም፤ የእኛም ነው።