ፌስታሉንስ ማን ይውሰደው?

እሷ፦ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የወንዝ ዳር ጽዳት ሲወጣ ሁሉም በአንድ ማዳበሪያ ይታጨቃል። እዚያው ብንለየው እኮ ገንዘብ ነው።

እሱ፦ ሃይላንዱንም ቆርቆሮውንም ቁራሌው ይገዛሻል። የራሰ ካርቶን ግን ማን ይነካዋል? ፌስታሉንስ?

እሷ፦ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ! ስስ ነው፣ ጭቃ ይይዛል፣ ገዥ የለውም። ክረምት ሲገባ ቱቦ ይደፍናል፤ ያመለጠው በአቃቂ ወንዝ አባ ሳሙኤል ግድብ ይደርሳል። በዚያ ውኃ እኮ አትክልት ይለማል።

እሱ፦ በ2017 ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል።

እሷ፦ ደግ አደረገ። ወንዝ ውስጥ ያለውን ግን አዋጅ አያወጣውም።

እሱ፦ ወጥቶስ የት ይደፋል? የቆሻሻ መጣያው ቆሼ እኮ መጋቢት 2009 ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሞቶበታል።

እሷ፦ ወደዚያ የሚሄደው እንዲቀንስ ነው ሁለት ማዳበሪያ ይዛችሁ ውጡ የምለው፤ አንዱ ለቁራሌው፣ አንዱ ለቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበሩ።