ማሽኑ የማንን ድካም ያቀላል?

(የትምህርት ንዑስ ኮሚቴው ለጠቅላላ ጉባኤ ያቀረበው ንግግር)



የቁጠባ መዝገባችን ወደ ስልክ ይዛወር ወይስ በደብተር ይቀጥል የሚለውን ዛሬ እንወስናለን። ከዚያ በፊት ስለ አንድ ጋዜጠኛና ደራሲ ጥቂት ልናካፍላችሁ ወደድን።

ካሬል ቻፔክ በ1890 እ.ኤ.አ. ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው አገር ተወለደ። ከ1921 ጀምሮ «ሊዶቬ ኖቪኒ» በተባለው ጋዜጣ ሠርቷል። ስለ አገር ጉዳይም፣ ስለ ጓሮ አትክልትም፣ ስለ ቤት ውሻም ተራው ሰው በሚገባው ቋንቋ ይጽፍ ነበር።

ልጆቻችን ሁሉ የሚያውቁት «ሮቦት» የሚለው ቃል ለዓለም የተዋወቀው፣ ቻፔክ በ1920 ባሳተመው «አር. ዩ. አር.» በተባለ ተውኔት ነው። ቃሉን ያቀበለው ሠዓሊው ወንድሙ ዮሴፍ ነው። «ሮቦታ» በቼክኛ ጭሰኛ ለጌታው በግዴታ የሚሠራው ሥራ ነው፤ አያቶቻችን ሁዳድ የሚሉት ዓይነት። በተውኔቱ አንድ ፋብሪካ ሰው መሳይ ሠራተኞችን እያመረተ ይሸጣል። ርካሽ ናቸው፤ ደመወዝ አይጠይቁም። ባለቤቶቹ «የሰው ልጅ ከድካም ያርፋል» ይላሉ። ሰው ግን ሥራ ይፈታል፤ መውለድም ያቆማል። በመጨረሻ ሮቦቶቹ ያምፃሉ። ከሰዎች የሚተርፈው አንድ ግንበኛ ብቻ ነው፤ እንደ እነሱ በእጁ የሚሠራ በመሆኑ ማሩት።

በ1936 በወጣው ልብ ወለዱም ነጋዴዎች እንሽላሊት መሳይ የባሕር እንስሳትን አሠልጥነው እንደ ዕቃ ይሸጣሉ። ሁሉም ትርፉን ሲቆጥር ማንም መጨረሻውን አላየም። ቻፔክ በ1938 እስኪሞት ድረስ ናዚዎችን በብዕሩ ተቃውሟል።

ቻፔክን የምናነሣው ማሽን እንድንጠላ አይደለም። ወፍጮ ቤት ሲመጣ እናቶቻችን ከወፍጮ ድንጋይ ተላቀዋል፤ ተመስገን ነው። በሰው ቤት እየፈጨች ልጆቿን ታሳድግ የነበረችው ግን እንጀራዋን አጣች። ስለዚህ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ፦ የማንን ድካም ያቀላል? የማንን እንጀራ ይወስዳል?

በዚህ መሠረት መዝገቡ ወደ ስልክ ቢዛወር የምንደግፈው በሦስት ነገሮች ከተስማማን ነው። አንደኛ፣ ስልክ የሌላት ወይም ማንበብ የማትችል አባል ሒሳቧ በየወሩ በጉባኤ ፊት ይነበብላት። ሁለተኛ፣ ደብተሩ ቢያንስ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ይቀጥል። ሦስተኛ፣ መዝገብ የምትይዘው እኅታችን ሠልጥና በሥራዋ ትቆይ።

ደጋፊዎቻችንም ስልክ ስትለግሱን የሥልጠናውን ወጪ አብራችሁ እንድታስቡልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ገንዘቡ የእኛ እንደሆነ ሁሉ፣ መዝገቡንም አንብበን ወይም ሰምተን የምናውቀው እኛው እንሁን።