ስለ ውሻ ጠጉር ምስክርነት

ለባላገር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተሰጠ ንግግር



በጎጃም ደጋ፤ ከደብረ ማርቆስ እስከ ጮቄ ተራራ ባለው አገር፤ በሌሊት በግ የተሰረቀበት ሰው ማለዳ የሚያገኘው ባዶ ጋጣና ሲጮኽ ያደረ ውሻ ነው። ውሻው ሌባውን አይቶታል፤ ምናልባትም ነክሶታል፤ ነገር ግን አፍ የለውምና ቃሉን የሚቀበል ዳኛ አልነበረም።

ስለዚህ የቀድሞ ሰዎች ሌላ መንገድ ፈለጉ። አንደኛው አውጫጭኝ ነበረ፤ ይኸውም የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ከሥራው ተከልክሎ የሚቀመጥበት፤ ካልተገኘም የጠፋውን አዋጥቶ የሚከፍልበት ሥርዓት ነው። ሁለተኛው ሌባ ሻይ ነበረ፤ ለአንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው በገመድ ይዘው ይከተሉታል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ይህ ሁለተኛው ተከልክሎ መቅረቱ መልካም ሆነ፤ በልጁ እግር ስንት ንጹሕ ሰው ንብረቱን እንዳጣ የሚቈጥር የለምና።

ዛሬ ግን የውሻውን ቃል የሚያነብ ጥበብ ተገኝቷል። ውሻ ከሚያረግፈው ጠጉር ጥቂቱ በሌባው በርኖስ ወይም ጋቢ ላይ ይጣበቃል። በእንስሳ ሁሉ ሰውነት ውስጥ የትውልድ ምልክት የተጻፈበት፤ ሊቃውንት ዲ ኤን ኤ የሚሉት፤ እጅግ የቀጠነ ክር አለ። ዋናው ክፍል ከአባትና ከእናት በእኩል ይወረሳል፤ ነገር ግን ሥር በሌለው በረገፈ ጠጉር ውስጥ ስለሚበጣጠስ ብዙ ጊዜ አይነበብም። ሌላው ትንሽ ክፍል ማይቶኮንድሪያ በሚባሉት፤ ለሰውነት ኃይል በሚሰጡት ደቂቅ አካላት ውስጥ ይኖራል። በውሻ ርዝመቱ 16,700 ፊደል ያህል ነው፤ በአንዲት ሕዋስ ውስጥ በብዙ መቶ ቅጂ ስለሚገኝም በአንድ ጠጉር እንኳ ይተርፋል።

ይህ ክፍል የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። የጎጃም ሰው ርስቱን በአባትም በእናትም ይቈጥር እንደ ነበረ ሽማግሎች ያውቃሉ፤ ይህ ግን በእናት ብቻ እንደሚቈጠር ርስት ነው፤ ወንዱ ይወርሳል፤ ለልጁ ግን አያወርስም። የአንድ ዋና አባት ልጆች ሁሉ ከርስቱ ድርሻ ይጠይቁ እንደ ነበረ፤ ከአንዲት እናት የተወለዱ ቡችሎች፤ የእናታቸውም እኅቶችና የእነርሱ ልጆች፤ አንድ ምልክት ይይዛሉ። እንኳን በአንድ መንደር፤ በሩቅ አገር ያለ ውሻም ያንኑ ምልክት ሊይዝ ይችላልና፤ «ጠጉሩ የእገሌ ውሻ ነው» ብሎ መማል አይገባም።

ስለዚህ ይህ ምስክር ከመወንጀል ይልቅ ነጻ ለማውጣት ይበረታል። ምልክቱ በግልጥ ከተለየ ጠጉሩ የዚያ ውሻ አይደለም፤ ከገጠመ ግን «ሊሆን ይችላል» ከማለት አያልፍም። በአሜሪካ በሳን ዲዬጎ ከተማ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም.፤ አንዲት ሕፃን ስለ ተገደለችበት ነገር ሲፈረድ፤ በተከሳሹ መኪና ውስጥ የተገኘ የውሻ ጠጉር በዚህ መንገድ ተመርምሮ ከልጅቱ ቤት ውሻ ጋር ገጠመ። ቢሆንም ለፍርድ የቀረበው ጠጉሩ ብቻ አልነበረም፤ የልጅቱ ደምና የጣት አሻራዋም ተገኝቶ ነበር።

ለአንድ በግ ሲባል እንዲህ ያለ ውድ ምርመራ አይደረግ ይሆናል፤ የነፍስ ነገር ሲመጣ ግን ጠጉሩ ሳይነካ ፖሊስ እስኪደርስ መጠበቁ የመንደሩ ሰው ፈንታ ነው። መርማሪውም ጠጉሩን በንጹሕ ወረንጦ አንሥቶ በደረቅ ወረቀት ይጠቀልላል፤ የት፤ መቼና በማን እጅ እንደ ተነሣ ይጽፋል። ዳኛውም ተጠርጣሪው ከዚያ አስቀድሞ ለለቅሶ ወይም ለማኅበር ወደዚያ ቤት ገብቶ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባዋል፤ እንግዳም ጠጉር ይዞ ይወጣልና። ለማመሳከሪያ የሚወሰደውም ከተበዳዩ ውሻ ብቻ አይሁን፤ ከጎረቤት ውሾችና ከተጠርጣሪው ከራሱ ውሻም ይወሰድ። የእርሱ ውሻ የተበዳዩ ውሻ እኅት ከሆነች፤ በጋቢው ላይ የተገኘው ጠጉር ከገዛ ደጁ የመጣ ሊሆን ይችላል።