የባቄላው ሒሳብ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው የካቲት በ90 ዓመታቸው ያረፉት አያቴ ፊደል አልቆጠሩም። ሆኖም በመንዝ ገጠር የሴቶች እድር ገንዘብ ያዥ ሆነው ብዙ ዘመን አገልግለዋል። ሒሳባቸው ባቄላ ነበር። ለእያንዳንዷ አባል ትንሽ ከረጢት ሰፍተው፣ መዋጮዋን ስትከፍል አንድ ፍሬ ይጨምሩላታል። ያልከፈለችውን በሰው ፊት አይጠሯትም፤ ሲመሽ ቤቷ ሄደው ችግሯን ይጠይቋታል።

አንድ ጊዜ ከሣጥኑ 80 ብር ጎደለ። ማንም ሳይጠይቃቸው ለስብሰባው ተናገሩ፤ በጋቸውንም ሸጠው ተኩ። እኔ ልጅ ነበርኩና ለበጓ አለቀስኩ። “ልጄ፣ ይህ ገንዘብ የሐዘንተኛ ነው” አሉኝ።

ዓምና የአንዷን አባል ቁጠባ በሌላዋ ስም መዝግቤ ነበር። ስህተቴን ሳገኘው አፍሬ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን አያቴን አስቤ ለኮሚቴው ተናገርኩ፤ ተስተካከለ።

ሲያርፉ ድንኳኑን የተከለው ያው እድራቸው ነው። ከረጢቶቹም ለእኔ ደረሱኝ።

ስለዚህ አደራ እላችኋለሁ፦ መዝገቡን ለእኔና ለኦዲተሩ ብቻ አትተዉት። በየሦስት ወሩ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑና አብረን እናመሳክር። ማንበብ የማትችሉም ኑ፤ ባቄላው እኔ ዘንድ አለ።