በመጸው ወራት በሐይቅ ዳር



በመጪው ቅዳሜ ወደ ዝዋይና ወደ አብያታ ሐይቆች ስለምናደርገው ጉዞ ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የወፍ ነገር ከሚሰሙት ይልቅ የሚያዩት ስለ ሆነ ንግግሬን አላስረዝምም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ግን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በአገራችን ከዓይን ርቆ የሰነበተ ሰው ድንገት ብቅ ሲል «ምነው የመስቀል ወፍ ሆንህ!» ይባላል። ይህም ወፉ በዓመት አንድ ጊዜ አደይ አበባ ሲፈካ መጥቶ ይሄዳል ከሚል እምነት የመጣ ነው። ነገር ግን በዚህ ስም ከምንጠራቸው ወፎች አንዳንዶቹ ከአገር ወጥተው አያውቁም። ወንዱ በመራቢያው ወራት ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ላባ ይለብሳል፤ ወራቱ ሲያልፍ የክት ልብሱን አውልቆ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ በማሳው ዳር ሲለቅም ይከርማል፤ እኛ ግን አናውቀውም። እንግዲህ ነገሩን ስናስተውለው፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ የምንለው እኛ እንጂ ወፉ አይደለም።

እውነተኞቹ እንግዶች ብዙ ጊዜ ልብ ሳንላቸው ይገባሉ። በዝዋይ ሐይቅ ዳር አባ ኮዳ ከዓሣ አጥማጆች ጀልባ አጠገብ ቆሞ የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲጠብቅ ሁላችን እናየዋለን። ከእግሩ ሥር በጭቃው ላይ የምትሯሯጠውን፣ ክብደቷ 30 ግራም የማይሞላውን ግራጫ ወፍ ግን ማን ያያታል? እርሷ የተፈለፈለችው ዛፍ በማይበቅልበት በሰሜን ዋልታ አካባቢ ነው። ከመስከረም ጀምሮ እርሷን የመሰሉ ወፎች፣ ልዩ ልዩ ዳክዬዎችና ጅራታቸውን ያለ ዕረፍት የሚወዘውዙት ሆደ ቢጫ ወፎች ከአውሮፓና ከእስያ ወደ አገራችን ይወርዳሉ።

ንስሮቹ ደግሞ መንገዳቸው ሌላ ነው። ትልልቅ አዳኝ ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው የሚንሳፈፉት ከሞቀ ምድር በሚነሣ አየር ነው፤ በባሕር ላይ ይህ አየር ስለማይገኝ የባሕሩን ጠባብ ቦታ ፈልገው ይሻገራሉ። ከየመን ወደ ጅቡቲ በሚያሻግረው በባብ ኤል መንደብ የባሕሩ ስፋት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1987 መጸው ጥቂት ታዛቢዎች በጅቡቲ ጠረፍ ቆመው በአምስት ሳምንት ያህል ውስጥ ከ240,000 የሚበልጡ አዳኝ ወፎች ሲሻገሩ ቆጠሩ። ወፎቹ ከጥንት ጀምሮ ሲያልፉ ኖረዋል፤ ብዛታቸው የታወቀው ግን አንድ ሰው ቆሞ ስለ ቆጠረ ነው።

ዕውቀት እንዲህ ከጥቂቱ ይጀምራል። በ1822 በጀርመን አገር በክሉትስ አጠገብ አንድ ሽመላ በጥይት ተመትቶ ወደቀ፤ በአንገቱም የአፍሪካ ጦር ተሰክቶ ተገኘ። ወፉ ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቆ ይኖራል። ወፎች የብርዱን ወራት በሐይቅ ጭቃ ውስጥ ተኝተው ያሳልፋሉ ይባል በነበረበት አገር፣ ያ ጦር ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ አስተማረ። በ1899 ደግሞ በዴንማርክ አገር በቪቦርግ ከተማ የሚኖር ሞርቴንሰን የተባለ መምህር ቁጥር ያለበት የአሉሚኒየም ቀለበት በወፎች እግር ላይ ማሰር ጀመረ። ይህን ለመሥራት ትዕግሥትና ደብተር እንጂ ብዙ ሀብት አላስፈለገውም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አብያታ ሄጄ ነበር። የዚያን ዕለት ደብተሬን በቅርቡ ብገልጠው ያገኘሁት «ፍላሚንጎ፤ ብዙ» የሚል ቃል ብቻ ነው። ብዙ ማለት ስንት ነው? ሁለት መቶ ነው ወይስ ሃያ ሺሕ? ዛሬ ቁጥራቸው ቀንሷል ወይስ ጨምሯል ብትሉኝ መልስ የለኝም። ዐይን ነበረኝ፤ ምስክር ግን አልሆንሁም።

ይህ ጥፋት ቀላል እንዳይመስላችሁ። አብያታ መውጫ የሌለው፣ ጥልቀት የሌለው የሶዳ ሐይቅ ነው፤ ከዝዋይ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ይመግበዋል። የመቂና የከታር ወንዞች እንዲሁም የዝዋይ ውሃ ለመስኖ ሲጠለፍ ወደ አብያታ የሚደርሰው አነሰ፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ለሶዳ አመድ ማምረቻ ከራሱ ከሐይቁ ውሃ ይቀዳ ጀመር። በ1970ዎቹ ስፋቱ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ የነበረው ሐይቅ ከግማሽ በላዩን አጥቷል። ውሃው ሲያንስ ጨውነቱ በረታ፤ ቆሮሶውም አለቀ። በጎረቤቱ በሻላ ደሴቶች ላይ ጎጆ ሠርተው ለምግብ ወደ አብያታ ይመላለሱ የነበሩት ነጭ ፔሊካኖችም ገበታቸው ተነሣባቸው።

የፔሊካኖቹን የቀድሞ ኑሮ የምናውቀው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ኤሚል ኧርባንና ባልደረባቸው ሌስሊ ብራውን በ1960ዎቹ ስለ መዘገቡት ነው። ባይጽፉት ኖሮ ዛሬ የጠፋውን እንደ ጠፋ እንኳ አናውቅም ነበር። ያልተቆጠረ ሀብት ሲጎድል ባለቤቱ አይሰማውም።

ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት እያንዳንዳችሁ ደብተርና እርሳስ ያዙ። መነጽር ያለው ለሌለው ያውስ። ፀሐይን ከጀርባ አድርጋችሁ ቁሙ፤ ወፎቹ እንዲነሡ ብላችሁ አታባርሯቸው፤ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ዕረፍቱ ስንቁ ነውና። መንጋው ሲበዛባችሁ አሥሩን ቁጠሩና ያ አሥር በዓይናችሁ ምን ያህል ስፍራ እንደሚይዝ አይታችሁ፣ መንጋው ስንት አሥር እንደሚሆን ገምቱ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉ። የጠበቃችሁትን ወፍ ካጣችሁም «የለም» ብላችሁ ጻፉ፤ ይህም ራሱ ወሬ ነው። ዓሣ አጥማጆቹንም በአክብሮት ጠይቁ፤ እነርሱ ሐይቁን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ወገኖቼ፣ ውሃውን ወደ ሐይቁ ለመመለስ ዛሬ ሥልጣኑ የለንም። ነገ ግን ከመካከላችን መሐንዲስ፣ የግብርና ባለሙያና ሕግ ዐዋቂ ይወጣል፤ ወንዙ ወዴት ይጠለፍ በሚባልበት ጠረጴዛ ዙሪያም ይቀመጣል። በዚያን ጊዜ «ወፍ ብዙ ነበረ» የሚል ሰው አይደመጥም። በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ይህን ያህል ነበረ የሚል ግን ይደመጣል።

መኪናው ከግቢው በር የሚነሣው ከንጋቱ በ11 ሰዓት ነው። የመስቀል ወፍ ሆኖ የሚቀር እንዳይኖር አደራ እላለሁ።