ስለ አየር ሞላና በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ አውቶሞቢል



የብረት ቀጥቃጭ ወናፉን ሲጫን አየሩ መልሶ እጁን እንዴት እንደሚገፋው ያላየ ሰው በመካከላችሁ አይገኝም። የወናፉን አፍ ደፍነው ቢጫኑት ጥቂት ይሸሻል፤ ከዚያም ይጠነክራል፤ በተጫኑትም መጠን ኀይሉ ይበረታል። ሮበርት ቦይል የተባለ የአየርላንድ ተወላጅ ሊቅ በ1662 ዓ.ም. (በዚህ ንግግር የሚጠራው ዘመን ኹሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የዚህን ነገር ሕግ ጽፎ አሳተመ። ሕጉም፣ ሙቀቱ ሳይለወጥ የተዘጋ አየር ስፍራው በግማሽ ቢጠብ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል የሚል ነው። ዛሬ በኤሌክትሪክ ከሚሄዱት አውቶሞቢሎች ውድ ውድ የሆኑት ብዙዎቹ የሚቀመጡበት የአየር ሞላ የቆመው በዚሁ ሕግ ላይ ነው።

የብረት ሞላም ሆነ የጭነት መኪና ባሌስትራ ሸክም ሲበዛበት ይጎብጣል፤ አውቶሞቢሉም ወደ መሬት ይወርዳል። በአየር ሞላ ግን በብረቱ ፈንታ አየር የተሞላ ወፍራም የጎማ ከረጢት በየመንኰራኵሩ ላይ ይቆማል። ከፍታውን የሚለካ መሣሪያ ወለሉ መውረዱን ለኮምፒውተሩ ያስታውቃል፤ ኮምፒውተሩም ቫልቩን ያስከፍትና ኮምፕሬሰሩ ያመቀውን አየር ይጨምርበታል። ስለዚህ አንድ ሰው ቢነዳውም አምስት ሰው ቢሳፈርበትም ከፍታው አይለወጥም።

መምህራን በጥቍር ሰሌዳ ላይ ሊያሰሉት የሚችሉት ሒሳብ እነሆ። 2 ሺሕ ኪሎ የሚመዝን አውቶሞቢል ክብደቱ በ4 መንኰራኵሮች ላይ እኩል ቢከፈል ለእያንዳንዱ 500 ኪሎ ይደርሰዋል። ከረጢቱ ሸክሙን የሚገፋበት ስፋት 100 ካሬ ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 5 ኪሎ የሚገፋ አየር ያስፈልጋል። በዚያ መንኰራኵር ላይ 100 ኪሎ ቢጨመር አየሩ ወደ 6 ኪሎ ይበረታል እንጂ ወለሉ አይወርድም። አየር ብቻውን ቢተው ግን አውቶሞቢሉ እንደ ኳስ በነጠረ ነበር፤ ነጠራውን የሚያበርደው ሌላ ነው፤ እርሱም መካኒኮች አሞርዛተር የሚሉት፣ ዘይት ያለበት ቱቦ ነው።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ የግሬይሃውንድ ኩባንያ ትልልቅ አውቶቡሶች በአየር ሞላ ላይ ሆነው የአሜሪካን አገር ያቋርጡ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ካዲላክ ኤልዶራዶ ብሩኻም በተባለው ውድ አውቶሞቢሉ ላይ አደረገው፤ ዳሩ ግን አየሩ እየሾለከ ስላስቸገረ ብዙ ባለቤቶች ከረጢቱን አስነቅለው የብረት ሞላ አስገቡ። አውቶቡሱ አየሩን ሳይተወው የቤት አውቶሞቢሉ የተወው በከንቱ አይደለም፤ የአውቶቡስ ሸክም በየጣቢያው ይለዋወጣል፤ ዘወትር የሚመረምረውም መካኒክ አለው።

በኤሌክትሪክ የሚሄደው አውቶሞቢል ግን የአየሩን ሞላ እንደ ገና እንዲፈለግ አደረገው። ባትሪው በወለሉ ሥር ተዘርግቶ ይተኛል፤ በትልልቆቹም ላይ ክብደቱ ከ500 ኪሎ ያልፋል። የሞተር ጩኸት ስለሌለ የመንገዱ ጕርብጥብጥ ይበልጥ ይሰማል። ከኹሉ የሚበልጠው ምክንያት ግን የነፋስ ተቃውሞ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጠው፣ 50 ከሚሮጠው 4 እጥፍ የነፋስ ግፊት ይገጥመዋል። ወለሉ ወደ መሬት ቀረብ ሲል ግፊቱ ይቀንሳል፤ ባንድ ጊዜ በተሞላ ባትሪም ረዘም ያለ መንገድ ይኬዳል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ በፍጥነት ጊዜ አየሩን እያስወጣ ወለሉን ዝቅ ያደርጋል።

ይህ ዝቅታ ግን ዋጋ አለው። ቴስላ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2012 ዓ.ም. ሞዴል ኤስ የሚባለውን አውቶሞቢል መሸጥ ጀመረ፤ ለፈለገም ገዢ የአየር ሞላ ያደርግለት ነበር። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ አንዱ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፣ ሌላው በቴነሲ፣ በጥርጊያው ጎዳና ላይ የወደቀ ብረት ወለላቸውን መታና ባትሪያቸው በእሳት ተያያዘ። ነጂዎቹ በደኅና ወጡ። ኩባንያውም በዚያው ዓመት በኖቬምበር፣ ባለቤቶቹ ወደ ጋራዥ ሳይመጡ፣ አዲስ ትእዛዝ ያለ ሽቦ ወደ አውቶሞቢሎቹ ላከ፤ የአየር ሞላ ያላቸው በፍጥነት ጊዜ ከቀድሞው ከፍ ብለው እንዲሄዱ ሆነ። የጥቂት ሳንቲ ሜትር ነገር ነው፤ ነገር ግን እሳትን የሚያህል ጣጣ የተንጠለጠለው በዚያችው ላይ ነበር። በ1957ቱ አውቶሞቢል ቢሆን እንዲህ ያለውን እርማት ከሩቅ መላክ ማን ያስበው ነበር! ከፍታው ብቻ እንደማይበቃ ስለ ታወቀም በማርች 2014 ዓ.ም. በወለሉ ሥር የቲታንየምና የአሉሚንየም ጋሻ ተጨመረ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የወጣው ትእዛዝ ደግሞ አውቶሞቢሉ ነጂው ከፍ ያደረገበትን አስቸጋሪ ስፍራ እንዲያስታውስና፣ ሲመለስበት ራሱ ከፍ እንዲል አስቻለው።

በኢትዮጵያ መንግሥቱ በ2024 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ርካሾቹና ትንንሾቹ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ግን የሚቆሙት በብረት ሞላ ነው፤ ባትሪያቸው እንደ ትልልቆቹ በወለል ሥር ሳለ፣ ድንጋይ ሲያዩ ከፍ ሊሉ አይችሉም። እንዲህ ያለውን በጠጠር መንገድ የሚነዳ ሰው ከኮምፒውተር ይልቅ ዓይኑንና ዝግታውን ይመን።

የአየሩ ሞላ ባለቤትም ያለ ድካም አይኖርም። ጎማው ያረጃል፤ ይሰነጠቃል፤ አየሩ በሾለከ ቍጥር ኮምፕሬሰሩ ያለ ዕረፍት እየሠራ ይቃጠላል። ስለዚህ ማታ ከመንኰራኵሩ እስከ መከለያው ያለውን ርቀት በየማዕዘኑ ለክቶ ጧት ማመሳከር ይበጃል። አንዱ ማዕዘን ወርዶ ከተገኘ፣ ከረጢቱንና ቧንቧውን በሳሙና ውሃ ቢቀቡት ቀዳዳው አረፋ እየነፋ ራሱን ይገልጣል፤ የብስክሌት ጎማ የሚጠግን ልጅ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ጎማ ለመለወጥ አውቶሞቢሉን በክሪክ ከማንሣት በፊት ግን ኮምፒውተሩ ከፍታውን ማስተካከሉን እንዲተው ማዘዝ ግድ ነው፤ ካልታዘዘ ወለሉ ከፍ ማለቱን አይቶ አየሩን ያስወጣል፤ በዚያን ጊዜ እጁን ወይም ራሱን ከሥሩ ያገባ ሰው ሊጨፈለቅ ይችላል።